ዳገቱም ቁልቁለቱም የጋራ ነው
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሥራ ውጭ ስላለሽ ሕይወት አጫውቺን» ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሐኪም ከሥራ ውጭ ሕይወት አለው እንዴ? እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ አሁን እንኳ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ቢንቀጠቀጥ ተነሥታችሁ መውጣታችሁ አይቀርም። ቢሆንም ጥያቄውን ወደድኩት። የባቻችን ልጆች እንደሚያውቁት በተማሪነቴ በስፖርት የምታወቅ ሰው አልነበርኩም። ከዶርም እስከ ዎርድ፣ ከዎርድ እስከ ካፌ፣ ከካፌ እስከ ላይብረሪ፤ የእኔ ስፖርት ይኸው ነበር። ዛሬ ግን ዲዩቲ የሌለብኝ ቅዳሜ ጠዋት የሚፈልገኝ ሰው የሚያገኘኝ እንጦጦ ላይ ነው፤ በጭቃ ተለውሼ፣ ሄልሜት አድርጌ፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ።

ስለ ተራራ ብስክሌት ነው የማጫውታችሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ውድድር ገብቼ አላውቅም፤ ሜዳሊያም የለኝም። ዳገት ላይ ከእኔ በዕድሜ ግማሽ የሚሆኑ ልጆች «በርቺ ዶክተር!» እያሉ ያልፉኛል። እኔም እበረታለሁ፤ ግን አልደርስባቸውም። አማተር ማለት ይኸው ነው።

ይህ ስፖርት ብዙ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ የታማልፓይስን ተራራ ቁልቁለት በአሮጌና በከባድ ብስክሌት የሚወርዱ ወጣቶች ነበሩ። ከ1976 ጀምሮ በዚያው አውራጃ ያካሂዱት የነበረውን ውድድር «ሪፓክ» አሉት። ቁልቁለቱ ፍሬናቸውን ስለሚያግለው ግሪሱ ጨሶ ያልቃል፤ ታች ሲደርሱ እንደገና ግሪስ መሙላት ግዴታ ነበር። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ያ የጎረምሶች ጨዋታ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1996 አትላንታ ላይ፣ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ።

እኛም ለብስክሌት ባዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌት ጋላቢዎችም ተሰልፈው ነበር። በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ የአስፋልት ጀግኖች ናቸው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንወጣው ግን ጥርጊያውን፣ ሥሩንና ድንጋዩን ፍለጋ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ልዩነቱ ምንድን ነው? ሳይክል ሳይክል ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የተራራው ብስክሌት ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። ፊት ለፊት ሾክ አለው። መሪው ሰፊ ነው። ማርሹ ደግሞ ግድግዳ የሚመስል ዳገት እንዲያወጣ ሆኖ ነው የተሠራው። የጎማው አየር እንኳ ከአስፋልቱ በእጅጉ ያንሳል፤ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ እንዲያልፍ እንጂ እንዲነጥርበት አይፈለግም። የእኔው ብስክሌት ያገለገለ ነው፤ ክብደቱ 14 ኪሎ ይሆናል። ዓርብ ማታ ልጆቼ ቴሌቪዥን ሲያዩ እኔ ሰንሰለቱን እጠርጋለሁ፤ ዘይት እቀባለሁ፤ የፍሬኑን ጫማ አያለሁ። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» ትለኛለች።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ ተመራቂ የለም። ለፈተና ስእለት ይዛችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣችሁበት ነው፤ አትደብቁኝ። ያንን ዳገት በፔዳል ስትወጡት ሰውነት ምን እንደሚል ለሐኪም መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም ቁጥሩን ላስታውሳችሁ። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት 70 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊትም ከ150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወደ 100 ይወርዳል። ከውጭ የመጣችሁ ጓደኞቻችን ትናንት የሆቴሉን ደረጃ ስትወጡ የተነፈሳችሁት አተነፋፈስ ከዕድሜ ብቻ አልመጣም፤ አይዟችሁ።

ስለ ከፍታ ካነሣሁ አንድ የምወደውን ጥናት ልጥቀስ። በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ውጤቱን አሳትሟል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው ደግሞ 95.3 በመቶ። የአንዲስ ደገኞች በዚያ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤቶቹ የኦክስጅን ሙሌት ይወርዳል። የእኛ ገበሬዎች ግን ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ውጤት ይዘው ተገኙ። ዳገት መሀል ላይ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ ይህን ጥናት አስታውሳለሁ። እግሬ ጥናቱን አላነበበውም እንጂ!

ሳምንቴ እንዲህ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ብስክሌቱን ማቆሚያ ላይ ሰክቼ እዚያው እነዳለሁ። ቅዳሜ ሲነጋጋ እንነሣለን። ከዚያ በፊት አንወጣም፤ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባማ። ስድስት ወይም ሰባት እንሆናለን፤ መሐንዲስ አለ፣ አስተማሪ አለች፣ ባለ ሱቅ አለ፣ ሁለት ሐኪሞች አለን። ስንቃችን ከማንም የውጭ አገር ስፖርተኛ ስንቅ አያንስም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ። በጾም ወራት ከቅዳሴ የሚመጡት ዘግይተው ይደርሱና ሳይቀምሱ ይነዳሉ፤ ለእነርሱ ፍጥነታችንን እንቀንሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አብዛኛውን እንጨርሰዋለን፤ ደግሞ እየሳቅን።

ጥቅሙን ለእናንተ መስበክ ለቀጂ ውኃ እንደ መሸጥ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ከደም እንደሚወስድ ሁላችንም ተፈትነንበታል። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቁልቁለት ስትወርዱ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። ስለ ትናንቱ ታካሚ፣ ስለ ሰኞው ስብሰባ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ማሰብ የለም። ያለው ቀጣዩ ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚህም ጋር ጋላቢዎች ለጀማሪ የሚያስተምሩት አንድ ሕግ አለ፤ ብስክሌቱ የሚሄደው ዓይናችሁ ወዳለበት ነው። ዛፉን ካያችሁ ዛፉን ትመታላችሁ። በዛፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ካያችሁ ታልፋላችሁ። ኢንተርኖቼን ራውንድ ላይ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ከባድ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን «ዶክተር፣ ክፍተቱን አየሁት» ብላኝ የሄደች አንዲት ልጅ አለች።

እስካሁን ያጫወትኳችሁ ስለ ደስታዬ ነው። ዛሬ ግን እዚህ የቆምኩት ለሌላ ነገርም ነው።

እንጦጦን ከታች ስታዩት አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ብዙው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ፣ መገኛው አውስትራሊያ የሆነ ዛፍ። ከተማዋን ከማገዶ ረኀብ ያዳነው እርሱ ነው። በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለብዙ ቤተሰብ መዝናኛ፣ ለብስክሌተኛም መንገድ ሰጥቷል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንነዳው ከፓርኩ ውጭ ባለው ሸንተረር ላይ ነው። ያ ጥርጊያ ለብስክሌት የተሠራ አይደለም። የጠረገው የሴቶች እግር ነው፤ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች እግር።

ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከጎናቸው ወዲያና ወዲህ ተርፎ፣ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ይወርዳሉ። በብስክሌት መንገድ የቅድሚያ ሕግ አለ፤ የሚወርደው ለሚወጣው ይለቃል፣ ጋላቢው ለእግረኛ ይለቃል። በእኛ ቡድን አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። ሸክም ያላት ሴት ከታየች ሁላችንም እንወርዳለን፤ ብስክሌታችንን ወደ ዳር አድርገን እንቆማለን። ሸክም ይዞ መቆም ከመሄድ ይብሳል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ጭቃ በሆነበት ጊዜ፣ መሐንዲሱ ጓደኛችን ወደቀ። የፊት ጎማው የባሕር ዛፍ ሥር ላይ አዳለጠው፤ በመሪው ላይ ተወርውሮ በትከሻውና በራሱ አረፈ። ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ያናግረኛል። ግን «የት ነው ያለነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሄልሜቱ ከጎኑ ተሰንጥቋል። ግራ አንገትጌ አጥንቱ በቆዳው ሥር ተነሥቶ ይታያል። አንገቱን ያመዋል። ከአስፋልቱ ሩቅ ነን። 907 ደወልን፤ አምቡላንሱ ግን መንገዱ ከሚያልቅበት ማለፍ አይችልም።

ከመሳሪያ የነበረን አንድ ፋሻና እጃችን ነው። እኔ ራሱን ይዤ ቀረሁ። ያኔ ከላይ ሦስት ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። የፊተኛዋ፣ አምሳዎቹ ውስጥ የምትሆን እናት፣ አንድም ቃል ሳትናገር ሸክሟን ጣለች። ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ፤ ክንዱን በእርሱ አሰርንለት። ሌላዋ ከሸክሟ ሁለት ረጅም አጣና መዘዘች። ጃኬቶቻችንን ዘግተን በእጅጌያቸው በኩል አጣናዎቹን አሳለፍን፤ ቃሬዛ ሆነ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሮጠው መጡ። በዚያ ጥርጊያ ላይ የት መርገጥ እንዳለብን የመሩን ሴቶቹ ናቸው። «እዚህ ድንጋዩ ይነቃነቃል፣ በቀኝ በኩል ያዙ» እያሉ አንድም ጊዜ ሳያንገራግጩት አወረዱት።

ጓደኛችን ዳነ። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነበር፤ አጥንቱም ገጠመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ታዳጊዎቹን ሳይሆን እኔን በጭብጨባ ስለሚያሳፍረኝ አላስነሣውም።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ የሴቶቹን ሸክም ወዳስቀመጡበት ተመለስን። የእናቲቱን ሸክም ለማንሣት ሁለት ሰው ሆነን ነው የቻልነው። ላሸክማት ስል የቀኝ እጇን አንጓ አየሁት። በመጽሐፍ የሹካ ቅርጽ እያልን የተማርነው ስብራት፣ ሳይስተካከል የገጠመ፣ እዚያው ፊቴ ላይ።

«እናቴ፣ ይህ መቼ ነው የተሰበረው?» አልኳት።

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል ልጄ። እዚሁ ነው የወደቅሁት። ወጌሻ አሽቶልኛል።»

«ሐኪም ቤት አልሄዱም?»

«ሐኪም ቤት አንድ ቀን ብውል የዚያን ቀን እንጀራ ማን ያመጣዋል?» አለችና የተሰነጠቀውን ሄልሜት አነሣች። አገላብጣ አየችው። «የሱ ራስ ቆብ ነበረው። ተሸካሚም አገኘ። እኛ በየጊዜው ነው የምንወድቀው፤ እኛን የሚያነሣን ማነው?»

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። እኔም እንደ ተራ ጥያቄ ይዤው ወረድኩ፤ መልሱን ግን ለብቻዬ ልሰጠው አልችልም። ለዚህ ነው ለእናንተ ያመጣሁት።

እኛ ለደስታችን በምንወድቅበት መንገድ ላይ ሌላው ለእንጀራው ይወድቃል። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ሥሩ አንድ ነው፤ አጥንቱም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ከወደቁ በኋላ የሚመጣው ነው። ታካሚዬን «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ብዬ ወረቀት ላይ ስጽፍ የእንቅስቃሴ እጥረት ችግሯ ያልሆነች ሴት ከክፍሌ ውጭ ወረፋ ላይ እንዳለች፣ ወይም ጭራሽ ወረፋው ላይ እንደሌለች ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ትንሽ ነገር ጀምሯል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከነዳን በኋላ፣ ሴቶቹ ሸክማቸውን አሳርፈው የሚያርፉበት ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ሁለታችን ሐኪሞች የደም ግፊት እንለካለን፤ ቁስል እንጠርጋለን፤ አስተማሪዋ ጓደኛችን ስምና ቀጠሮ ትመዘግባለች። ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘ፣ አንድም ቀን ተለክተው የማያውቁ፣ ጥቂት አይደሉም። የጀርባና የጉልበት ሕመሙን አልቆጥርላችሁም። እናቲቱም ትመጣለች፤ እርሷ ራሷ ናት ሌሎቹን «ኑ፣ ተለኩ» እያለች የምትጠራልን። የእጇን ጉዳይ ለአጥንት ሐኪም አሳይተናል፤ ሐኪሙም ቅዳሜ ከሰዓት በነጻ አይቷታል። የእንጀራዋን ቀን ሳይነካ መታከም እንደሚቻል ያየሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ለአጥንት፣ ለውስጥ ደዌና ለማኅፀን ሐኪሞች። በዓመት አንድ ቅዳሜ ስጡን። ብስክሌት መንዳት ግዴታ አይደለም፤ በመኪና ኑ፣ ከአስፋልቱ በእግር እንወስዳችኋለን። ቀጠሮ ማስያዝ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምትቀበሉ ከሆነ ንገሩን።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር ላላችሁ። ሻንጣችሁ ውስጥ ሄልሜት የምትይዝ ቦታ አትጠፋም። በ1999 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የራስና የአንጎል ጉዳትን ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እዚህ ብስክሌት የሚከራዩ የሰፈር ልጆች ያለ ሄልሜት ነው ቁልቁለት የሚወርዱት። አንድ አደራ አለኝ፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት አትላኩልን፤ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ሥራውን ጨርሷል። የልጆች መጠን ይብለጥ።

ሦስተኛ፣ ለመምህራኖቻችንና ለአስተዳደሩ። ግቢያችን ውስጥ ብስክሌት የሚታሰርበት አንድ ጥላ ያለው ቦታ ቢዘጋጅ ብዙ ወጪ የለውም። ተማሪው አሁን ብስክሌቱን የት ያቆማል? በር ላይ ዘበኛውን ለምኖ። ከዚህ ጋር ደግሞ፣ የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል ተማሪዎች የመጀመሪያ ዕርዳታን ክፍል ውስጥ ከሚማሩት አንዱን ቀን እንጦጦ ላይ፣ ከእረኞቹና ከሴቶቹ ጋር ቢማሩት እላለሁ። እነርሱ ቃሬዛ መሸከም ያስተምሩናል፤ እኛ አንገት መያዝ እናስተምራቸዋለን። ማን ከማን የበለጠ እንደሚማር አብረን እናያለን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጎረምሶቹ «በርቺ» ብለውኝ ሲያልፉ ደስ ይለኛል። ሐኪምም የሚያበረታታው ሰው ይሻል። ቃሉ ግን ሸክም ይዛ ለምትወርደው ሴት አይበቃትም፤ እርሷ የምትፈልገው ከወደቀች የሚያነሣት ሰው ነው። እኛ ደግሞ ለማንሣት የሰለጠንን ሰዎች ነን፤ ይህ ትምህርት ቤት ያስተማረን እርሱን ነው።

የሚቀጥለው ዛፍ ሥር የምንቀመጥበት ቀን የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። የመመዝገቢያውን ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እስክሪብቶም አለው። ብስክሌት መሞከር የምትፈልጉም እዚያው ስማችሁን ጻፉ፤ በሶውን እኔ አመጣለሁ።